የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ኪስ

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየቤቱ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሣ፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማይወራ ነው። እርሱም ባልና ሚስት አብረው የሚያካሂዱት ትንሽ ንግድ ነው።

እሑድ ጉባኤ ላይ ግራና ቀኛችሁን እስቲ ተመልከቱ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ እህት አለች። ለሆቴል እንጀራ የምታቀርብ አለች። ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሞባይል ጠጋኝ፣ የሸቀጥ ሱቅ ያለው ወንድም አለ። እነዚህ ንግዶች የሥራ አመራር ቦርድ የላቸውም፤ የሒሳብ ሠራተኛም አልቀጠሩም። ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው። ንግዱ ሲቃና የልጆች ትምህርት ቤት ይከፈላል፣ ቤተሰብ ይረዳል። ሲወድቅ ግን የሚዘጋው ሱቁ ብቻ አይደለም፤ በቤቱም ውስጥ ዝምታና ጥርጣሬ ይገባል።

ሱቃቸውን የዘጉ ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ ኪራይ ጨመረ፣ ዕቃ ተወደደ፣ ግብር በዛ፣ ገበያ ጠፋ ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ነጋዴው በየቀኑ የሚታገለው ከእነዚህ ጋር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ንግዱን ከውስጥ የሚበላው አንድ ነገር አለ። የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ኪስ አንድ መሆናቸው ነው። ዛሬ በዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንነጋገራለን።

6,000 ብር የተሸጠበት ቀን

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት በሰፈራቸው የሸቀጥ ሱቅ አላቸው እንበል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ ይሸጣሉ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ሲተመን 150,000 ብር ነው። በቀን 6,000 ብር፣ በወር 180,000 ብር ይሸጣሉ። ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 88ቱ የዕቃው መግዣ ነው፤ ለሱቁ የሚቀረው 12 ብር ብቻ ነው። በወር 21,600 ብር ማለት ነው። ከዚህ ላይ ለሱቁ ኪራይ 9,000 ብር፣ ለመጓጓዣ፣ ለመብራትና ለፌስታል 3,600 ብር ይከፍላሉ። የሚተርፋቸው 9,000 ብር ነው። ይህ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 300 ብር ይሆናል። ግብሩን ገና አላነሣነውም።

አሁን የቤቱን ወገን እንይ። ጠዋት ለዳቦና ለወተት ከመሳቢያው ይወሰዳል። ቀትር ላይ ለልጁ ታክሲ፣ ማታ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ይወሰዳል። ቅዳሜ ለለቅሶ ወይም ለሰርግ ይወጣል። ሲደመር በቀን 400 ብር ነው እንበል። መሳቢያው ውስጥ 6,000 ብር እያለ 400 ብር ማንሣት ለማንም ብዙ አይመስልም። ይሁን እንጂ ሱቁ ያተረፈው 300 ብር ነው። ስለዚህ እነዚህ ባልና ሚስት በየቀኑ 100 ብር ከራሳቸው ካፒታል ላይ እየበሉ ነው። በወር 3,000፣ በዓመት 36,000፣ በሁለት ዓመት 72,000 ብር ይሆናል። ይህም መደርደሪያው ላይ ከነበረው ዕቃ ግማሽ ገደማ ነው። ሳይጻፍ ለቤት የሚወሰደው ሳሙናና ዘይት ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ችግሩ ወዲያው አይታይም። ከኋላ ያለው ዕቃ ሲያልቅ የቀረውን ወደ ፊት እየሳቡ መደርደሪያውን ሙሉ ማስመሰል ይቻላል። በኋላ ግን ደንበኛው የሚፈልገውን ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሲያጣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። ሽያጩ ይቀንሳል፤ ኪራዩ ግን አይቀንስም። ያን ጊዜ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «ገንዘቡ የት ገባ?» ማለት ይጀምራሉ። እርሱ ለእናቷ ቤት የምትልክ ይመስለዋል። እርሷም ሳይነግራት ለወንድሙ ያበደረ ይመስላታል። እውነቱ ግን ማንም አልሰረቀም። ገንዘቡን ሁለቱም እያዩት፣ በሁለቱም ፈቃድ፣ ጥቂት በጥቂት በልተውታል። በመካከላቸው የጠፋው ቁጥሩን አብሮ ማወቅ ነው።

ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ልማድ መለወጥ ግን ይጠይቃል። ንግዱን እንደ አንድ ሌላ ሰው ቁጠሩት። ይህ ሰው ይቀጥራችኋል፣ ደመወዝም ይከፍላችኋል። ከደመወዛችሁ በላይ ግን ኪሱን አትነኩም።

በመጀመሪያ አንድ ቀን ሱቁን ዘግታችሁ ያለውን ዕቃ በሙሉ በተገዛበት ዋጋ ቁጠሩ። በእጃችሁ ያለውን ጥሬ ገንዘብና ከሰው የምትፈልጉትን ዱቤ ደምሩ። ለሰው የሚከፈለውን ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ካፒታላችሁ ነው። ሁለታችሁም ጻፉትና ያዙት። ከሦስት ወር በኋላ ደግማችሁ ቁጠሩ። ዋጋ ሳይጨምር ቁጥሩ ከፍ ካለ ሱቁ አድጓል፤ ዝቅ ካለ እየበላችሁት ነው።

ቀጥሎ በወሩ ትርፍ ልክ ለቤት የሚወጣውን ቁረጡ። በምሳሌያችን ያሉት ባልና ሚስት 9,000 ብር ካተረፉ 9,000ውንም መውሰድ የለባቸውም። ግብር ይመጣል፣ ሚዛን ይበላሻል፣ ማቀዝቀዣ ይቃጠላል። ስለዚህ 7,000 ብር ለቤት ቢቆርጡ 2,000 ብሩ ለሱቁ ይቆያል። «በ7,000 ብር ቤት እንዴት ይያዛል?» ብትሉ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ግን በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ወይ ከባልና ሚስት አንዱ ሌላ ሥራ ይጨምራል፣ ወይ ሱቁ የተሻለ ትርፍ ያለው ዕቃ ይይዛል፣ ወይ ወጪ ይቀነሳል። ከመሳቢያው በዝምታ መውሰድ ግን ጥያቄውን ለሁለት ዓመት ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ለባሎች አንድ ቃል አለን። ብዙ ጊዜ ሱቁን ከጠዋት እስከ ማታ የምትጠብቀው ሚስት ናት። ምግብ ታበስላለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ደንበኛም ታስተናግዳለች። ንግድ ፈቃዱ ግን በባል ስም ነው፣ የባንክ ደብተሩም በእርሱ እጅ ነው። የሥራዋ ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ ካልገባ የሱቁ ትርፍ እውነተኛ ትርፍ አይደለም። በእርሷ ቦታ ሰው ብትቀጥሩ ስንት ትከፍላላችሁ? ያንን አስቡት። ቅዱሳት መጻሕፍት አቂላንና ጵርስቅላን ሲያነሱ የሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ድንኳን በመስፋት ሥራ አብረው እንደነበሩ ይነግሩናል። በተጠቀሱበት ሁሉ ስማቸው አንድ ላይ ነው። ሥራው የሁለቱ ከሆነ ደብተሩም የሁለቱ ይሁን።

ገንዘቡን ለመለየት ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ሁለት ደብተር፣ ሁለት የባንክ ሒሳብ ይበቃል። የሱቁ ሽያጭ በአንዱ ይግባ። በወር አንድ ቀን የተቆረጠው ደመወዝ ወደ ሌላው ይዛወር። ከሱቁ ሳሙና ለቤት ከተወሰደ እንደማንኛውም ደንበኛ ይጻፍ። መስከረም ላይ ለትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ገንዘብ ደግሞ ከጥቅምት ጀምራችሁ ከደመወዛችሁ በየወሩ አስቀምጡ። በ2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችውን ባልዋ የሞተባትን ሴት አስታውሱ። ዘይቱ ከሞላላት በኋላ ኤልሳዕ የነገራት ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ መሸጥ፣ ከዚያ ዕዳን መክፈል፣ በመጨረሻም በቀረው ከልጆች ጋር መኖር ነው። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው።

ትርፍ የሚመስል ኪሳራ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ያን ጊዜ ያዩትን አይረሱትም። በ600 ብር የተገዛ ዕቃ በ720 ብር ሲሸጥ 120 ብር ትርፍ የተገኘ ይመስላል። ያንኑ ዕቃ ለመተካት ወደ መርካቶ ሲኬድ ግን አከፋፋዩ 750 ብር ይላል። እንግዲህ 120 ብሩን ለቤት ወጪ ያዋለ ሰው ዕቃውን ለመመለስ 150 ብር ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት።

ስለዚህ ዋጋ በሚዋዥቅበት ጊዜ ትርፋችሁን የምታሰሉት በገዛችሁበት ዋጋ ብቻ አይሁን፤ ነገ በምትገዙበት ዋጋም አስሉት። ከመሸጣችሁ በፊት ለአከፋፋያችሁ ደውላችሁ የዕለቱን ዋጋ ጠይቁ። ይህን የምንለው ዕቃ ደብቃችሁ እጥረት እንድትፈጥሩ ወይም ድሃውን እንድታስጨንቁ አይደለም። ዕቃውን መተካት የማይችል ነጋዴ ግን ነገ ያንኑ ድሃ የሚያገለግልበት ሱቅ አይኖረውም። የካፒታል ቆጠራውም ላይ ይህን አትርሱ። ከዓመት በፊት 150,000 ብር የነበረው ዕቃ ዛሬም 150,000 ብር ቢሆን፣ ዋጋ ጨምሮ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አንሷል ማለት ነው።

ዱቤ፣ ወንድምነትና አሥራት

ንግድ ያለው አማኝ ከሌላው ነጋዴ የተለየ አንድ ፈተና አለበት። «ወንድሜ አይደለህ፣ ለእኔ አስተያየት አድርግልኝ» ይባላል። «እስከ ወር መጨረሻ ያዝልኝ» ይባላል። እምቢ ማለት ፍቅር ማጣት ይመስላል። ታዲያ በምሳሌያችን ወደ ነበረው ሱቅ እንመለስ። ከ100 ብሩ ሽያጭ ሁሉን ከፍሎ የሚተርፈው 5 ብር ነው። አንድ ሰው የ1,000 ብር ዱቤ ወስዶ ቢቀር ያንን ገንዘብ ለመመለስ የ20,000 ብር ዕቃ መሸጥ ያስፈልጋል። ከሦስት ቀን በላይ ሙሉ ሥራ ማለት ነው። አስተያየት የሚጠይቀውም ወገን ከ100 ብሩ 10 ብር ቅናሽ ሲል ነጋዴው 5 ብር ከራሱ እንዲጨምር እየጠየቀ መሆኑን ይወቅ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለዩ። ልትረዱት የፈለጋችሁ ሰው ካለ ከቤታችሁ ደመወዝ ላይ በልግስና ስጡት፤ ስጦታ ነውና አትጠብቁት። ዱቤ ከሰጣችሁ ግን የዱቤ መጠን ወስኑ፣ ጻፉ፣ ቀን ቁረጡ፣ የቀደመውን ሳይከፍል ሌላ አትስጡ። እናንተ በጉባኤ ያላችሁ ደንበኞችም የወንድማችሁን ሱቅ ልትረዱ ከፈለጋችሁ ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ በእጅ መክፈል ነው።

አሥራትን በተመለከተም ብዙ ባለሱቆች ይቸገራሉ። ከሽያጩ ነው ወይስ ከትርፉ? በቀን 6,000 ብር የሸጠ ሰው 600 ብር ቢያወጣ፣ ትርፉ 300 ብር ነውና የሚሰጠው ግማሹ ከካፒታሉ፣ አንዳንዴም በዱቤ ዕቃ ከሰጠው አከፋፋይ ገንዘብ ላይ ነው። የሌላውን ሰው ገንዘብ መስጠት ደግሞ ስጦታ አይባልም። ትርፋችሁን በትክክል ስታውቁ የምትሰጡትም በልብ ደስታና በጥርት ያለ ሒሳብ ይሆናል። በዚህ ላይ ጥያቄ ካላችሁ ከአገልጋያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ፊርማው የሁለት ነው

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። በዚህ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ ከባልም ሆነ ከሚስት ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው። ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ለሌላ ሰው ዕዳም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። የጋራ ቤትን መያዣ ማድረግም እንዲሁ ነው። በሌላ በኩል ከሁለቱ አንዱ ለትዳሩ ጥቅም ሲል የገባው ዕዳ የሁለቱም ዕዳ ይሆናል፤ አበዳሪው ከጋራውም ከግላቸውም ንብረት ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ «ሚስቴ እንዳትጨነቅ ብዬ አልነገርኳትም» የሚል ባል ጭንቀቱን አላስቀረላትም፤ አዘገየባት እንጂ። ሚስትም በእቁብ ለጓደኛዋ ዋስ ስትሆን ባሏ ካላወቀ ነገሩ አንድ ነው። ምሳሌ 6 ለባልንጀራው ዋስ የሆነውን ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ራሱን እንዲያድን የሚመክረው በከንቱ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለታችሁም ይህን ጠይቁ፦ ንግዱ ለሦስት ወር ቢቆም ይህን ብድር ከምን እንከፍላለን? መልስ ከሌለ አትፈርሙ። ብድሩም ለዕቃ የተወሰደ ከሆነ ለዕቃ ይዋል። ለሱቅ የተወሰደ ብድር ለሶፋ ወይም ለሰርግ ከዋለ የሚከፍለው ሱቅ ቀድሞ ይዘጋል።

የተከፈቱ በሮች

የተናገርነው ሁሉ ስለ ችግር ብቻ እንዳይሆን፣ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ለትንሽ ነጋዴ የተከፈቱ በሮችም አሉ።

አንደኛው የሽያጭ መዝገብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በባንኮችም አገልግሎት ጭምር በስልክ መክፈል ተለምዷል። በስልክ የተቀበላችሁት ክፍያ ቀኑና መጠኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለሱቁ የተለየ ቁጥር ብትይዙ ይህ መዝገብ ለእናንተ ደብተር፣ ለአበዳሪው ማስረጃ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በተደረገ ጊዜ ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ነበር። በዚያን ጊዜ መዝገብ የሌለው ሰው የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የምትገኙበትን ደረጃና ያለባችሁን ግዴታ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው መያዣ ነው። ድሮ ቤት ወይም መኪና የሌለው ሰው ከባንክ መበደር ይቸግረው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ግን የልብስ ስፌት መኪና፣ የሱቅ ዕቃ፣ ከሰው የሚሰበሰብ ገንዘብና ከብት የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ተመዝግበው መያዣ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል። አበዳሪው ሁሉ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ሳትጠይቁ ግን አትቅሩ። መክፈል ካልተቻለ ዕቃው እንደሚሄድም አትርሱ።

ሦስተኛው ንግዱን ከቤቱ በሕግ መለየት ነው። በግል ስም የሚነግድ ሰው በንግዱ ዕዳ ምክንያት የግል ንብረቱም ይጠየቃል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለትንሽ ሱቅ ወጪው ሊከብድ ይችላል። ንግዱ ያደገ ግን የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይጠቀማል።

አራተኛው የቆየው እቁባችን ነው። እቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብድር ወሰደ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ቆጠበ ማለት ነው። ዋጋ በሚጨምርበት ዘመን የመጨረሻው ሰው ያው ብር ቢደርሰውም የሚገዛለት ዕቃ ያንሳል። ቢሆንም ገንዘብ ከመሳቢያ እንዳይበተን ይጠብቃል። ብቻ የእቁቡ ጣጣ ከትርፍ እንጂ ከዕቃ መግዣ ላይ አይነሣ፤ ሲወጣም ምን እንደሚገዛበት ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ለዛሬ ማታ

ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጥፋተኛ ለመፈለግ ሳይሆን ቁጥር ለማግኘት ተቀመጡ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች አንዳችሁ ለሌላው መልሱ።

1. ንግዳችን ባለፈው ወር ስንት ሸጠ? ሁሉ ከተከፈለ በኋላስ ስንት ተረፈው?
2. ከመሳቢያው ለቤት በቀን ስንት ይወጣል? ማን ይጽፈዋል?
3. አንዳችን የምናውቀው፣ ሌላችን የማናውቀው ብድር፣ ዱቤ ወይም ዋስትና አለ?
4. ከሁለታችን አንዳችን ብንታመም ሌላው አከፋፋዩን፣ ዋጋውንና የባንክ ሒሳቡን ያውቃል?
5. ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለቤት የምንቆርጠው ደመወዝ ስንት ይሁን?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያልታሰበ ነገር ቢወጣ አትቆጡ። ዛሬ በጠረጴዛ ላይ የተነገረ ዕዳ አበዳሪው በር ላይ ቆሞ ከሚናገረው ይሻላል። የተናገረውን አመስግኑት፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ እንዴት እንደሚከፈል አብራችሁ አቅዱ። ከዚያ በኋላ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

ጌታ የእጃችሁን ሥራና ትዳራችሁን ይባርክ።